የወንድም ኩላሊት

ሰዓት ሠሪው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ታናሽ ወንድሙ ኩላሊቱን ሊሰጠው ቃል ገብቶ፣ ቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት ነበር የቀረው። ወይ ነዶ!

ሐኪሙ ለመርማሪዋ ደወለላት። «ልቡን ያቆመው ካልሲየም ነው። ደሙ ውስጥ ከልክ አልፏል።»

«ከራሱ አካል የመጣ ቢሆንስ?»

«ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት የአንገቱ ዕጢዎች አብደው ቢሆን ሆርሞናቸው በጨመረ ነበር። በመጨረሻው የኩላሊት እጥበት ስንለካው ግን ጭራሽ ወርዷል። ከውጭ የገባ ነገር አለ።»

መርማሪዋ የሟቹ ቤት ስትደርስ ሚስትየው ውሃ ልትቀዳላት ተነሣች። ጣቶቿ ተኮማተሩና ብርጭቆው አመለጣት።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«እኔንጃ፣ ሰሞኑን ይጨመድደኛል። የአንገቴ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ከወጡ ወዲህ ክኒኔን ስውጥ ደህና ነበርኩ።»

«ክኒኑን ማን ያዘጋጅልዎታል?»

«የባሌ ወንድም። ክኒኑ ስለሚምታታብን፣ የኔንም የሱንም በየሳጥናችን የሚደለድለው እሱ ነው። እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!»

ወንድምየው በሩ ላይ ቆሟል። «ተይ እትዬ፣ ምን አደረግኩና?» አለ አቀርቅሮ።

በማግስቱ መርማሪዋ ሚስትየውን፣ ወንድምየውንና ሐኪሙን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ባልና ሚስቱ የሚውጡት ካልሲየም የሚጨምር ቫይታሚን ዲ ነው፤ ተራው ግን ሲዋጥ ገና ሥራ አይጀምርም፤» አለች። «የሚያነቃው ኩላሊት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን የሚቀሰቅሰው ደግሞ የአንገት ዕጢዎች ሆርሞን ነው። ሟቹ ኩላሊቱ ሞቷል፤ የታዘዘለት ጥቂት ተራ ክኒን እዚህ አያደርሰውም። ባለቤቱ ደግሞ ሆርሞኑ ስለሌላቸው፣ ቀድሞ የነቃውን ነው የሚውጡት።»

ሐኪሙ ወደ ሚስትየው ዞረ። «እንግዲያው የገደለው የእሳቸው ክኒን ነዋ!»

«ክኒኑ የእሳቸው ነው፣ እጁ ግን የሌላ። ጣታቸውን እዩት፣ ካልሲየማቸው ወርዶ ነው የሚጨመድደው! የራሳቸው ተወስዶባቸው የባላቸውን ተራ ክኒን ሲውጡ ነው የከረሙት።»

«ተሳስቼ ይሆናል፤» አለ ወንድምየው።

መርማሪዋ የሟቹን ሳጥን ከፈተች። «ስህተት ቢሆን አንድ በአንድ በተቀያየረ። እዚህ ግን የእሳቸው ክኒን በየክፍሉ ታጭቋል።»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እንዲሞት አልነበረም! ትንሽ ታሞ ቀዶ ሕክምናው እንዲቀር ብዬ ነው። ፈራሁ። ሰው ፊት እሰጣለሁ ብዬ እንዴት እምቢ ልበል?»

«እንደ ልጄ አምኜህ!» ጮኸች ሚስትየው። «እኔንም ወንድምህንም በእጅህ አጎረስከን። እምቢ ብትል ምን እንልህ ነበር?»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድምህ ባለፈው ብቻውን መጥቶ ነበር። ‹ታናሼ ፈርቷል፤ እንዳያፍር ኩላሊትህ አይስማማም በለው› አለኝ። ዛሬ የቀጠርኩህ ይህንኑ ልነግርህ ነበር።»

«ምነው ቀድመህ በነገርከኝ!» አለ ወንድምየው፣ እያለቀሰ።

ሚስትየው ግን ፊቷን አዞረችበት።