በጨርቅ የማይነካው ተክል

«ቀባሪዋ መጣች፤ አበቦቹን ደብቁ» አለ አጎቷ ዊበ፣ ማሪት ገና ኮቷን ሳታወልቅ። ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ይህን ቀልድ ከአስር ዓመቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። በየልደቱ፣ በየገናው። አሁን አስራ አራት ሞልቷታል፤ ቀልዱ ግን አልሰለቻቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ይስቅና ይተዋል። ዊበ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንድ ነገር ሰው ካሳቀለት እስኪቀበር ድረስ ይዞት የሚዞር ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባባ፣ ማለትም የእናቷ አባት፣ ሲሞቱ አንድ ተክል ትተው ሄዱ። የጥንቸል ጆሮ ይባላል። ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ውሃ አዝሏል፤ ላዩ በነጭ ለስላሳ ጸጉር ተሸፍኗል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ እሳት የነካው የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ አለው። በዚያው ዓመት በጋ ላይ አያቷ እማማ ከእህታቸው ጋር ለእረፍት ወደ አንድ ደሴት ሄዱና አበቦቹን እንዲጠብቁ ለማሪትና ለዊበ ልጅ ለሂስከ ቁልፉን ሰጧቸው። ሲመለሱ ተክሉ ጸጉሩ ተመልጦ፣ ግንዱ በስብሶ፣ ቅጠሉ በተነካ ቁጥር ይረግፍ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ተባለ። ሂስከ እያለቀሰች ጣቷን ቀሰረች። «ማሪት ናት። በእርጥብ ጨርቅ ስታሸው አይቻታለሁ።»

ማሪት አልነካሁትም አለች። የሰማት የለም። ተክሉ አረንጓዴው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተጣለ፤ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀባሪዋ ሆነች።

ሂስከ እንደገደለችው ማሪት ጥርጥር አልነበራትም። ካልሆነ ለምን ትዋሻለች? ቂሙን ያዘች። በትምህርት ቤት ኮሪደር ሲገናኙ ሰላም ትላታለች፤ ሆዷ ግን ያኔ የቆመበት ቆሟል።

አሁን በእጇ የያዘችው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ለዚሁ የመጣ ነው።

ያን ቀን፣ ቆሻሻው ሳይወሰድ፣ ማሪት መጣያውን ከፍታ ያልበሰበሱ ሁለት ቅጠሎች ኪሷ ከትታ ነበር። አንዱን ወዲያው እርጥብ አፈር ውስጥ ቀበረችውና በሰበሰ። ሁለተኛውን መጻሕፍቷ ላይ ረሳችው። ትዝ ብሏት ስታየው የተቆረጠው ቦታ ደርቆ ቁስሉ ተዘግቷል። ያኔ አባባ ይሉት የነበረው ገባት፤ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ አሸዋማ አፈር ላይ አስተኚው፣ ሥሩ ካልወጣ ውሃ የሚባል አታሳዪው። አባባ በሥራቸው ጀልባ ቀቢ ነበሩ፤ ለዚህ ተክል ብቻ የሚይዟት ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ነበረቻቸው። አቧራውን በእሷ ያራግፉለታል እንጂ ቅጠሉን በውሃ አይነኩትም። «ጸጉሩ ልብሱ ነው» ይሉ ነበር፤ «ከላዩ ከገፈፍሽው ሌላ አይለብስም።»

ማሪት እንደዚያው አደረገች። ቅጠሉ ሸብሸብ ሲል ታጠጣዋለች፤ ካላለ ትተወዋለች። ክረምት ሲመጣ ከቀዝቃዛው መስታወት ፈቀቅ ታደርገዋለች፣ ውሃውንም ጨርሳ የተወችው እስኪመስል ትቀንስለታለች። ካንዲት ቅጠል ሥር እንደ ሕጻን ጥርስ ያለች ነጭ ነገር ብቅ አለች፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ግንድ። አሁን ክንድ ያክላል። ለእማማ ሰማንያኛ ልደት ይዛው መጣች። በቃ፣ ሁሉም ባለበት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ያሳደገ እጅ ገዳይ ሊባል አይችልም፤ ስሟን ይመልሱላታል። የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር።

ሂስከ ኮት መስቀያው ጋ አገኘቻት። «ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ታዪዋለሽ።»

ሂስከ የጋዜጣውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ማሪት፣ በናትሽ። ዛሬ አትቀውጪ።»

«ማን ቀወጠ? ስጦታ ነው።»

ወንበሮቹ እንደ ወጉ ግድግዳውን ተጠግተው በክብ ተደርድረዋል። ማሪት እንደ ወጉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ጨበጠች። እማማን «እንኳን ለልደትዎ አደረስዎ» አለች። ዊበን «በእናትህ እንኳን ደስ አለህ»፣ የእማማን እህት «በእህትዎ እንኳን ደስ አለዎት»፣ ጎረቤቱን ሳይቀር «በጎረቤትዎ እንኳን ደስ አለዎት»። እዚህ አገር አንድ ሰው ልደቱን ሲያከብር ቤቱ ያለው ሁሉ እንደተወለደ ነው የሚቆጠረው። ከዚያ ሮዝ ቅብ ያለው ኬክ ዞረ፣ ለአንድ ሰው አንድ ቁራጭ፤ ሁሉም ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ ነፋሱ አወራ።

ማሪት ጋዜጣውን ገለጠችና ተክሉን እማማ ፊት አስቀመጠችው።

እናቷ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ከየት ገዛሽው?» አሉ እማማ።

«አልገዛሁትም። የአባባ ነው። ያኔ ከተጣለው ላይ አንድ ቅጠል ወስጄ ነው ያሳደግኩት።»

«አየህ አይደል» አለ ዊበ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ፤ «መግደሏ ሳያንስ ሬሳውን ዘረፈችው።»

እንደገና ተሳቀ። ጎረቤቱ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ሳቀ። ማሪት ግን ዓይኗን ከእማማ ላይ አላነሳችም። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ተክሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። ፊታቸው ለስለስ አለ። አንድ ቃል፣ ማሪት አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

«አቧራ ለብሷል» አሉ እማማ። «ሂስከ፣ ጨርቁን አምጪልኝ፤ ሳሙናም ነካ አድርጊበት።»

በዚህ ከተማ መስኮት መጋረጃ የለውም። የሚያልፈው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ያያል፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ያለ አበባ አቧራ ከያዘ የባለቤቷ ስም ነው የሚነሳው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ቅጠል ይታጠባል፣ አንድ በአንድ፣ ልክ እንደ ሳህን። እማማ ይህን ሥራ ሳያስቡት ነው የሚሠሩት። ቅጠሏን በግራ እጃቸው ከሥር ደገፏትና በቀኝ አውራ ጣታቸው ሂስከ ያመጣችውን ጨርቅ ከመነሻዋ ወደ ጫፏ ጫን አድርገው ሳቡት። ነጩ ጸጉር ተጠቅልሎ ጨርቁ ላይ ቀረ። ቅጠሏ የተላጠ ባቄላ መሰለች፤ አረንጓዴ፣ የምታብረቀርቅ፣ ራቁቷን።

«እንዲህ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «ነፍሱን ይማረውና ባሌ አንድም ቀን አስነክቶኝ አያውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ ነው ዓርብ ዓርብ እንደ ልቤ ያጠራሁት። ውሃም ከሥሩ ካለው ሳህን አጉድዬበት አላውቅም። እንዴት አምሮ ነበር መሰላችሁ።»

ወደ ሁለተኛው ቅጠል አለፉ።

ማሪት ዙሪያውን አየች። ይሰማሉ ብላ ነበር። ዊበ የኬኩን ቅብ በሹካ ይጭራል። እናቷ ጣሪያ ታያለች። ሂስከ ብቻ ቀና ብላ ወደ እማማ እጅ አየች፤ ከዚያ ወደ ማሪት፤ አፏ ትንሽ ተከፈተ። እሷም እስከዛሬ ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር ማለት ነው። ዝም ብላ ነው ጣቷን የቀሰረችው።

«እማማ፣ ጨርቁን ያስቀምጡት» አለች ማሪት።

«ምን አልሽ?»

«ጸጉሩን እየላጡት ነው። ተመልሶ አይበቅልም። ያኛውም እንዲህ ነው የሞተው። እርስዎ ነዎት የገደሉት።»

ዊበ ሊስቅ ጀመረና አቆመ።

«ማሪት፣ ቁጭ በይ» አለች እናቷ ዝቅ ባለ ድምጽ። «ዛሬ ልደታቸው ነው።»

«ኬክ ያልደረሰው አለ?» አለች የእማማ እህት። ሁሉም ደርሶት ነበር፤ ግን ሳህን ተነሳ፣ ሳህን ተቀመጠ፣ አንዱ ስለ ድልድዩ ጥገና አነሳ፣ ሌላው ከአፉ ተቀበለው። ሰው ወሬ ሲፈልግ እንዴት ቶሎ ያገኛል።

በዚያ ጫጫታ መሃል እማማ የማሪትን አንጓ ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቧት። እጃቸው እርጥብ ነበር።

«አውቃለሁ» አሏት በጆሮዋ። «ያን ቀን በር ከፍቼ እንዳየሁት ነው ያወቅሁት። ታዲያ ምን ልበል? የባሌን ተክል በገዛ እጄ ገደልኩት ልበል? ሂስከ ታለቅስ ነበር። አንቺ አላለቀስሽም። ይቺ ትችለዋለች አልኩ።»

ማሪት አንጓዋን ልታስለቅቅ ሳበች።

«ደግሞስ ምን ጎደለብሽ? ቀልድ ነው እኮ» አሉና አንጓዋን ለቀቁት። ጨርቁን አጥፈው ወደ ሦስተኛው ቅጠል ሄዱ። ውሃው በግንዱ ላይ ይወርዳል፣ ቅጠሎቹ መሃል ይጠራቀማል።

ማሪት አሰበች። ዝም ብላ ብትተወው ቀላል ነው። እዚያው ደፍ ላይ ይቀመጣል፤ ዓርብ ዓርብ ይታጠባል፤ ሳህኑ ውሃ ይሞላል፤ የገና በዓል ሳይደርስ ይፈርሳል። ያኔ ሁሉም ያያሉ። እሷ እቤቱ ድርሽ አላለችም፤ ሂስከም ጣቷን የምትቀስርበት የለም። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ በሰው ፊት ያፍራሉ። የፈለገችው ይኸው አልነበር? ለዚያ ግን ይሄ መሞት አለበት፤ ቀስ ብሎ፣ ከታች ጀምሮ። እንዴት እንደሚሸትም ታውቃለች።

የተክሉን ማሰሮ ከእማማ እጅ ሥር አነሳችው። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ኧረ?» አለ ዊበ። «ስጦታ ተሰጥቶ ይወሰዳል እንዴ?»

«አዎ» አለች ማሪት። «እኔ ወስጄዋለሁ።»

እንደ ወጉ መሰናበት ነበረባት፣ አንድ በአንድ። ማሰሮውን በግራ ክንዷ አቅፋ ክቡን ዞረች። ጎረቤቱን ጨበጠች። የእማማን እህት ጨበጠች። ዊበን ጨበጠች፤ እሱም እጁን ከመስጠት ሌላ የሚያደርገው አጣ። እማማ ጋ ስትደርስ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። አልፋቸው ወጣች።

ውጭ ነፋሱ ከቤቱ ፊት ያለውን የውሃ ቦይ ያንጫጫዋል። ብስክሌቷን ስትፈታ ሂስከ ያለ ኮት መጣች።

«ማሪት፣ ቆይ። እማማ መሆናቸውን አላውቅም ነበር፤ እምልልሻለሁ። አባዬን ፈርቼ ነው። አስር ዓመቴ ነበር እኮ።»

«እኔም አስር ዓመቴ ነበር።»

ሂስከ እጅጌዋን ጣቶቿ ላይ ሳበች።

«ግቢና ንገሪያቸው» አለች ማሪት።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ሁሉም እዚያ ናቸው፤ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቁሻል።»

ሂስከ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመስታወቱ ጀርባ ሰዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ዊበ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንዳለ ባይሰማም ሳቁ ተሰማ።

«አታካብጂው» አለች ሂስከ። «ነገ ይረሱታል።»

ማሪት ተክሉን ኮቷ ውስጥ ከትታ ዚፑን እስከ አገጯ ሳበችውና ሄደች።

ቤት ገብታ ውሃውን በደረቅ ወረቀት መጠጠችለት፣ ቅጠሎቹ መሃል የገባውን በትንፋሿ እፍ እያለች አስወጣችው። የተላጡት ሦስት ነበሩ፣ ሁሉም በአንድ ወገን። የቀረው እንደነበረ ነው። ይተርፋል።

እናቷ አምሽታ ስትመጣ ፊቷ ቀልቷል። «ይቅርታ ትጠይቂያቸዋለሽ። አሮጊት ሴትዮ ናቸው። ቢያጠፉስ?»

«የነገሩኝን ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ» አለች እናቷ ቶሎ ብላ። በጣም ቶሎ።

ማሪት ተክሉን ከክፍሏ አውጥታ ሳሎን ወሰደችው። ቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እማማ እሑድ እሑድ ከእህታቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው በዚያ ያልፋሉ፤ እንደ ማንኛውም ሰው በየመስኮቱ እያዩ፣ የሰዉን አበባ እየመዘኑ። ማሪት ማሰሮውን የመስኮቱ ደፍ መሃል ላይ አኖረችው፣ የተላጠውን ወገን ወደ መንገዱ አዙራ።

እናቷ አየቻት። መጥታ ማሰሮውን በሁለት እጇ ያዘችና ጸጉራሙ ወገን ወደ ውጭ እንዲሆን አዞረችው። ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ማንቆርቆሪያውን ስትሞላ ተሰማ።

ማሪት መልሳ አዞረችው።