በኅዳጉ ላይ የሰፈረው ቀይ ቀለም

ጌታ በተወለደ በ፲፭፻፷፩ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊያዝ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በኢጣሊያ በፓዶቫ ከተማ ቦዮች ላይ የተጋገረው በረዶ መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን፣ መምህር ጋስፓሮ ትሬቬሊን የተማሪያቸውን የአልቪዜን ድርሰት ይዘው ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሦስት ገጽ ሳያነቡም ሳቃቸው አመለጣቸው። ይህ የኪዮጃ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ሐሙስ ዕለት በጉባኤ ፊት ይከራከራል፤ ከተረታ የሊቅነቱ ማዕረግ ቀርቶበት ወደ አባቱ መረብ ይመለሳል። የሚሞግተው ደግሞ ሌላ ማንንም ሳይሆን ትሬቬሊንን ራሳቸውን ነበር፤ እሳቸው «ጀግና ማለት ፍርሃት የማያውቅ ነው» ብለው በመጽሐፋቸው ጽፈው ሃያ ዓመት አስተምረዋል።

«ና እስቲ፣ አንተ ጎበዝ!» አሉት፤ «እዚህ ጋ ‹መምህሩ ድንጋይ ጀግና ነው ይላሉ› ብለሃል። መቼ ነው ያልኩት?»

አልቪዜ አቀረቀረ። «አላሉም፣ ጌታዬ። ግን... ድንጋይም ፍርሃት አያውቅምና፣ አነጋገርዎ ወደዚያ ያደርሳል ብዬ ነው።»

«ማድረሱን ኋላ ታሳያለህ። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ የባላጋራህን ሐሳብ አስቀድመህ ትናገራለህ፤ እኔ ‹አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው› እስክል ድረስ አንዲት ቃል መቃወም አትችልም። በዚህ አያያዝህ ሐሙስ ሙግቱን ሳትጀምር ትረታለህ!»

ብዕራቸውን በቀይ ቀለም ነክረው በኅዳጉ ላይ «ውሸት! አሳምረህ ድገመው» ብለው ጫሩ። ቀጥለው ያሉት አራት ገጾች የቀደምት ሊቃውንት ጥቅስ ብቻ ነበሩ።

«ይህን ሁሉ ሽማግሌ ምን ብለህ ሰበሰብከው? ሠርግ አለብህ?»

«ብቻዬን ብናገር ማን ይሰማኛል ብዬ ነዋ!»

«እሺ፣ አንተ ራስህ ጀግና ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አባቴን» አለ ልጁ። «ማዕበል በተነሳ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን የጎረቤታችን ጀልባ ሲገለበጥ ግን እየተንቀጠቀጠ ቀዝፎ ሄደ፤ ሦስት ሰው አወጣ።»

ትሬቬሊን ሃያ ዓመት ያስተማሩት ነገር በአንድ ቀዛፊ ሲናጋ ተሰማቸው፤ ደነገጡም፤ ከድንጋጤው ይልቅ ግን ደስታው በለጠባቸው። አራቱን ገጾች ከላይ እስከ ታች ሰርዘው «ፈሪ! አባትህን የት ደበቅኸው?» ብለው ጻፉ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ካደረግሁት እኮ እርስዎን...»

«ታሸንፈኛለህ። እሱን ለእኔ ተወው፤ አንተ ሂድና ጻፍ!»

ሐሙስ ዕለት አልቪዜ የመምህሩን ሐሳብ አሳምሮ ሲያቀርበው፣ ትሬቬሊን «እኔ ራሴም እንዲህ አሳምሬ አልገለጽኩትም፤ አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ፤ ልጁም ቀጥሎ የአባቱን ታሪክ ተረከ። መምህሩ ሦስት ጊዜ ሊመልሱ ሞክረው በአራተኛው እጃቸውን ሰጡ፤ ተማሪው ሁሉ ወለሉን በእግሩ እየደበደበ በደስታ ጮኸ፤ ከሁሉ አብልጠው የጮኹት ግን እሳቸው ነበሩ።

የትሬቬሊንን መጽሐፍ ዛሬ የሚያነበው የለም። ያ የአልቪዜ ረቂቅ ግን ከእሳትም ከአይጥም ተርፎ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶም መዝገብ ያዘጋጀ አንድ ትጉህ ሰው እንዲህ ሲል አሰፈረ፦ «የሊቁ የአልቪዜ የወጣትነት ሥራ። በኅዳጉ በቀይ ቀለም የሰፈረው ስድብ ማንነቱ ያልታወቀ የአንድ ምቀኛ እጅ ነው።»