አራቱ የሙከራ እትሞች

ዓይኖቹ ከደከሙ ወዲህ አባቴ ከወንበሩም ከዝምታውም አልተነሣም ነበር። ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ፊደል ሲሸሸው ከዓለም ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ጠፋው።

የአንድ የዜና መጽሔት አዳይ ወጣት በራችንን ያንኳኳው በእነዚያ ወራት ነው።

«እህቴ፣ አራት እትም በነጻ ሞክሩ፤ ካልወደዳችሁት አትክፈሉ» አለኝ።

የቤቱን ዝምታ የሚሰብር ድምፅ ናፍቆኝ ነበርና እሺ አልኩ።

በየሐሙሱ ከሰዓት ያመጣል፤ እኔ ጮክ ብዬ ለአባቴ አነባለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አባቴ አቋረጠኝ።

«ይህን የጻፈው ማነው? ዓረፍተ ነገሩ እኮ ወገቡ ተሰብሯል!»

ከስምንት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቁጣው ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ሐሙስ አባቴ ወጣቱን አስቀመጠው።

«ስማ፣ አዘጋጆቻችሁ ተኝተው ነው የሚጽፉት?»

«አባባ፣ እኔ አድራሽ ነኝ እንጂ አዘጋጅ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ስድቤንም አድርስልኝ!»

ተሳሳቁ። በሳቁ መካከል የወጣቱ ዓይን እኔ ላይ ዐረፈ፤ ቶሎም አልተነሣም።

በአራተኛው ሐሙስ ወጣቱ የደንበኝነት ቅጽ ዘረጋልኝ፤ ጣቶቹ ግን ወረቀቱን አልለቀቁም።

«ከፈረምሽ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በፖስታ ሣጥናችሁ ነው የሚመጣው። በእጅ የምናደርሰው ለሙከራ ብቻ ነው።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ያኔም አልመጣም።»

አንደበቱን የመለሰለትን መጽሔት አባቴ ላይ ላስቀርበት አልቻልኩም። ፈረምኩ። ብዕሩን ስመልስለት፣ «ስለ አባቴ አመሰግንሃለሁ» አልኩት። ስለ ራሴ ግን ቃል አጠረኝ።

በቀጣዩ ሐሙስ፣ በዚያችው ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ወጣቱ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ባዶ እጁን ቆሟል።

«መጽሔቱስ?» አለ አባቴ ከውስጥ።

«ፖስታ ቤት ነው፣ አባባ። ዛሬ የመጣሁት… እንዲያው በራሴ ነው።»

አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ከልጄ ጋር ሄዳችሁ አምጡልኛ!»

የሩብ ሰዓቱ መንገድ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እሱ ስለ ሥራው፣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ስላለቀስኩባት ቀን ስናወጋ፣ ፖስታ ቤቱን አልፈነው ሄደን፣ አልፈነው ተመለስን። መጽሔቱን እንደረሳነው ያወቅነው ደጃፋችን ስንደርስ ነው።

አባቴ ባዶ እጃችንን ባያይም፣ የወረቀት ኮሽታ አለመኖሩን ሰማ። አልተቆጣም።

«ተመስገን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሦስተኛ ወንበር በዳበሳ ወደ ጠረጴዛው እየሳበ።