የሰንበቴው ሰፊ

እናቴ «አንች ልጅ፣ ምላስሽ ከመቀስሽ ይብሳል» ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ሁለት የስፌት መኪና ብቻ ያላት ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሰንበቴ ገበያ በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ቀጭን ወጣት እጅጌዬን አየት አየት ያደርጋል። ዞር ብዬ ምን እንደጠፋበት ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ የእጅጌሽ ስፌት ሳምንት አይቆይም፣ ክሩ ላልቷል አለኝ። የሰፋሁት እኔው ነበርኩ፤ እንዴት እንደተናደድኩ! በአምስተኛው ቀን ተተረተረ።

ኸይረዲን ይባላል። ሰንበቴ ገበያው ዳር ይሰፋል፤ ወላጆቹ ሞተው ታናሽ እህቱን የሚያሳድገው እሱ ነው። በዚያው ክረምት አንድ ትምህርት ቤት ሦስት መቶ ዩኒፎርም አዘዘኝ። ብቻዬን እንደማልችለው ሳውቅ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ያንን ወጣት አፈላልጌ አገኘሁት። እኔ ጨርቁን ቆርጬ በሚኒባስ እልካለሁ፣ እሱ ሰፍቶ ይመልሳል። ውል አልጻፍን፣ ምስክር አልጠራን። አማና ነበር፣ መተማመን፤ በቃ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። አንዳንዴ ጥቅሉን ራሱ ይዞ ይመጣል። እኔ ኮሌታውን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

«ሁሉንም ትፈትሽዋለሽ?» አለኝ አንድ ቀን።

«የሌላ ሰው ቢሆን አዎ። ያንተን ለመንካት ያህል ነው።»

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት። ፊቴ ጋለ። ወሬ ለመቀየር ብዬ፣ «ሥራዬን ከአንተ እጅ ሌላ አላምንም» አልኩት። የባሰ ሆነ። እጆቹን አገላብጦ አያቸውና መውሊድ ሳይገባ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን አንድ ጨርቅ ሦስቴ ለክቼ ነው የቆረጥኩት።

ያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሦስት ጥቅል ላክሁለት። ሁለቱ በእሱ እጅ ተሰፍተው መጡ። ሦስተኛውን ስፈታ ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግን የኸይረዲን አይደለም። እሱ ክሩን መጨረሻ ላይ ደራርቦ ነው የሚቋጨው፣ ይሄ አንዴ ብቻ ተቋጭቷል። ወዲያው ደወልኩ።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

ጥቅሉ በደህና ደረሰ ወይ አለኝ።

«ኸይረዲን፣ ማን ሰፋው?»

«ረቢአ፣ ና ዸገዪ…» አለ። ሲጨንቀው ወደ ኦሮምኛ ነው የሚዞረው። ስሚኝ ማለቱ ነበር። አልሰማሁትም።

«አማናዬን ሳይነግረኝ ለሌላ የሰጠ ሰው፣ ነገ እኔንም ይሰጠኛል» ብዬ ዘጋሁበት። አራት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ጥቅሉን በሙሉ ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት። ምንም ጉድለት ያልነበረበትን ልብስ!

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አስቀድሞ በተቆረጠው ቀን። አባቴ ጓዳ ገብቶ ምን ልበላቸው አለኝ። «ልጁ አማና አይጠብቅም በላቸው» አልኩት። አባቴ ወጥቶ ያንኑ ቃል ጎረቤት እየሰማ ነገራቸው። ሙሳ የሚባሉት የኸይረዲን አጎት አንድ ነገር ሊናገሩ ጀምረው ነበር። አባቴ ግን ተነስቶ ቆሟል፤ ባለቤት ከቆመ ደግሞ እንግዳ አይቀመጥም። ሻዩን ሳይነኩ ሄዱ።

በእኛ አገር ይሄ ቃል ለወጣበት ሰፊ ጨርቁን ማን ይሰጣል? ይሄን አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያልኩት።

ሁለት ወር አለፈ። ጥቅላችንን ያመላልስ የነበረው ሹፌር፣ አብዱልጀባር፣ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ የኸይረዲን እጅ ዳነለት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ሆኖ ነው የሚድነው አልኩት። ገርሞት አየኝ። የስፌት መኪናው መርፌ ጣቱን ወግቶት መግል ይዞ ነበር አለኝ። ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት፣ የረቢአ ጥቅል ሳያልቅ አልሄድም ብሎ ሰነበተ። ሁለተኛውን ጥቅል እንደጨረሰ ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። የቀኝ እጁ ነው።

ሱቄን ለጎረቤት ትቼ በዚያው ሚኒባስ ሰንበቴ ወረድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ዓፊያ ናት፣ እህቱ። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ስሜን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፣ ግን ግቢ አለችኝ።

«ወንድሜ የለም» አለች። «ባሕሩን ሊሻገር ወደ ጅቡቲ ከሄደ አርባ ቀን አለፈው። ስልኩ አይሠራም።»

ያ የአማና ወሬ ከተሰማ በኋላ ጨርቅ ያመጣለት ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። በሦስት ጣት እየተማረ ደህና መቁረጥ ጀምሮ ነበር አለች። ስለ እጁ ለምን አልነገረኝም አልኳት። «ከእጅህ ሌላ አላምንም ብለሽው የለ? እጄ እንደሄደ በስልክ አልነግራትም፣ የሽማግሌው ነገር ካለቀ በኋላ ዓይኗን እያየሁ ነው እንጂ ብሎ ነው» አለች።

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ?

ዓፊያ የወንድሟ ስፌት መኪና አጠገብ እንደቆመች፣ «እትዬ፣ ያን ጥቅል የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ አልጋው ላይ ሆኖ እያሳየኝ። የቱ ጋ እንዳበላሸሁት አሳይኝ እስቲ። በእኔ ጥፋት ነው የሄደው።»

«ምንም አላበላሸሽም» አልኳት።

አላመነችኝም። ቁራጭ ጨርቅ አንስታ መኪናው ላይ ተቀመጠችና፣ የቱ ጋ እንደምትሳሳት እንዳሳያት አጎንብሳ መስፋት ጀመረች።