ናዲፋ አዲስ አበባ ናት

«የተከበራችሁ የዚህ ቤት ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ጣሪያው ሥር የምትኖሩ እንሽላሊቶች በሙሉ! ላለፉት ሁለት ዓመታት ከቴሌቪዥኑ በላይ ሆኖ በትጋት ሲያገለግል የቆየው ምስማር ከዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከኃላፊነቱ መነሳቱን የምንገልጸው በታላቅ ሐዘን ነው።»

ሚክዳድ ይህን ያወጀው በርጩማ ላይ ቆሞ፣ የዜና አንባቢ ድምፅ አውጥቶ ነው። በሁለት እጁ የእህቱን የምረቃ ፎቶ አቅፏል። ፎቶው ትልቅ ነው፤ ፍሬሙ ወርቃማ። ፋርሂያ ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ ቆቧን አጋድላ ትስቃለች። ከኋላዋ ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር የጨመረላት ፏፏቴ ይወርዳል። ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ፏፏቴ የለም፤ ግን ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

«አቦ ውረድና ደብቀው!» አለችው ፋርሂያ ከጓዳ ብቅ ብላ። «ሰዎቹ ቀፊራ ገበያ ጋ ባጃጅ ይዘዋል፤ አሁን ይደርሳሉ።»

«የት ልደብቀው? በሩን ነው የሚያክለው።»

«አልጋ ሥር።»

አልጋው ላይ እናታቸው መድና እግሯን በጀሶ ታስራ ተኝታለች። ሚክዳድ ፎቶውን ከሥሯ ሲገፋ ቀና ብላ አየችው።

«ልጄን ከነነፍሷ ልትቀብሯት ነው?» አለች።

ለቀልድ ነበር ያለችው። ማንም አልሳቀም።

ፋርሂያ በአካውንቲንግ ከተመረቀች ወዲህ ያላመለከተችበት መሥሪያ ቤት የለም። መጨረሻ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄደች። አንድ የልብስ ፋብሪካ በር ላይ የነበረው ቀጣሪ ዲግሪዋን አገላብጦ አየና በትህትና መለሰላት። «ዲግሪ ያለው ሰው ወር አይቆይልንም። የተሻለ ሲያገኝ ጥሎን ይሄዳል» አላት። የተሻለው የት እንዳለ ግን አልነገራትም። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀጣሪ በሩ ላይ ጠብቃ፣ የአሥረኛ ክፍል ወረቀቷን ብቻ ይዛ ተመለሰች። ወዲያው ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች።

ቀፊራ ሎሚና ቃሪያ ትሸጥ የነበረችውን መድናን ጋሪ ገጭቶ ከጣላት በኋላ ደግሞ የቤቱ ነገር ሁሉ ፋርሂያ ላይ ወደቀ። አባታቸው ሙመድ እዚያው ቀፊራ ጆንያ ይሸከማል፤ ጀርባው ግን ከራሱ ከሙመድ ቀድሞ ጡረታ ከወጣ ቆየ። ቤተሰቡ የሚበላው ፋርሂያ ከምትሰፋው የሰው ኪስ ነው።

ዛሬ እናቷን ሊጠይቁ ከሚመጡት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ሱፐርቫይዘሯ ሽታዬ አለች። ፎቶውን ካየች ፋርሂያ ነገ ጧት ሰርቪስ አትሳፈርም።

ሙመድ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፎቶው ሲወርድ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ከሆነው ጎረቤታቸው ከጋሽ አየነው ጋር ዳማ ሲጫወት፣ ልጁን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «አካውንታንቷ» ነው የሚላት። ፋብሪካውም የሒሳብ ክፍል እንደገባች ነው ለአየነው የነገረው።

እንግዶቹ ብርቱካንና ብስኩት ይዘው መጡ፤ ሽታዬና ሲሃም የምትባል አፈኛ ልጅ።

«ግቢ፣ ግቢ! አንቺ ነሽ ሽታዬ?» አለ ሙመድ።

ሽታዬ ከሌላ አገር መጥታ «አንቺ» ስትባል የምትደነግጥበት ጊዜ አልፏል፤ ድሬ ማንንም አንቱ አይልም። ገብታ ልክ ከባዶው ምስማር ሥር ተቀመጠች። ከራሷ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከሌላው የነጣ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ሚክዳድ ዓይኑን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተው። ሽታዬ ግን የመድናን እግር እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች።

እንግዳ በተራ ብርጭቆ ማስተናገድ ለሙመድ ውርደት ነው። ማንንም ሳያማክር ተነሳ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ የክብሩን ኩባያ አወረደ፣ ሻይ ቀድቶ ለሽታዬ ሰጣት። ሚክዳድ ያየው ሽታዬ አንዴ ፉት ካለች በኋላ ነው። ለምረቃው የታተመው ኩባያ! ሕትመቱ ርካሽ ስለነበር የፋርሂያ ፊትና ስም በእጥበት ለቋል። የቀረው ፊት የሌለው ጋዋን፣ ቆብና «እንኳን ደስ አለሽ!» የሚል ጽሑፍ ነው።

«ውይ፣ ተመራቂም አላችሁ?» አለች ሽታዬ ኩባያውን እያዞረች። «ማን ናት?»

ፋርሂያ ፔርሙሱን እንደያዘች ቀረች። ሙመድ ያደረገውን ያወቀው አሁን ነው። መድና ዓይኗን ጨፍና እንቅልፍ የወሰዳት መሰለች። የዜና አንባቢው ድምፅም ሚክዳድን በዚያች ሰዓት ከዳው።

«ታላቃችን ናት» አለ በራሱ ቀጭን ድምፅ። «ናዲፋ።»

«ማሽአላህ! የት ነው ያለችው?»

«አዲስ አበባ። ባንክ ትሠራለች።»

«ታዲያ እናቷ ኡማ ስትሰበር መጣች?» አለች ሲሃም።

ሚክዳድ ለዚህኛው አልተዘጋጀም ነበር። «ሥራ ይበዛባታል።»

«ገንዘብስ ትልካለች?»

አዎ ቢል፣ ፋርሂያ ስለምን ማታ ማታ ኦቨርታይም እንደምትለምን ሽታዬ ትጠይቃለች። «አይ» አለ።

ሽታዬ ኩባያውን አስቀመጠችው፤ እንደቆሸሸ ነገር ገፋ አድርጋ። የፋርሂያን እጅ ሳብ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘች። ደግ ሴት ናት፤ ከልቧ ነበር የምትናገረው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፤ ትምህርቱ ባይሆንልሽም ለናትሽ የደረስሽላት አንቺ ነሽ። ያቺ ዲግሪዋን ትቀቅል! የተማረ ሁሉ ሰው ይሆናል ያለው ማነው?»

«ናዲፋ ከድሮም እንዲህ ናት» አለች ፋርሂያ።

ሚክዳድ ዞር ብሎ አያት። ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ፈለገ። አላገኘም።

ሙመድ ተነስቶ ወጣ። «ትምህርቱ ባይሆንልሽም» የተባለውን ትምህርት በጀርባው ተሸክሞ ያስጨረሰው እሱ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ናዲፋ ፋብሪካው ውስጥ ዝነኛ ሆነች።

«ዛሬም የስፌት ላይኑ ሠራተኛ በሙሉ ሲያማት ዋለ» አለች ፋርሂያ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች። «ሲሃም ስልኳን ስጪኝ፣ እኔ ልክ ላስገባልሽ አለችኝ።»

«እና ምን አልሻት?»

«ቁጥር ቀይራለች።»

ሚክዳድ በሳቅ ፈረሰ። ፋርሂያ ግን ጫማዋን በእጇ ይዛ አየችው።

«እናቷን የምትወድ አድርገህ ብትፈጥራት ምን ነበረበት?»

«ያኔማ አንቺን ለምን ኪስ ታሰፋሻለች ይሉሻል።»

አሰበችበት። ሄዳ እግሯን ታጠበች።

ፎቶው ከአልጋው ሥር አልወጣም። እንስቀለው ያለ የለም፤ አንሰቅለውም ያለም የለም።

ዓርብ ከአስር ሰላት በኋላ ሙመድና ጋሽ አየነው ደጃፍ ላይ የዳማ ሰሌዳቸውን ዘርግተው በቆርኪ ይጫወቱ ነበር። ሚክዳድ በሩ ላይ የባዮሎጂ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰኞ ፈተና አለው።

«አካውንታንቷ እንዴት ናት?» አለ አየነው እንደ ወትሮው፣ ቆርኪ እየገፋ።

«አዲስ አበባ ናት» አለ ሙመድ።

አየነው ጣቱ ቆርኪው ላይ እንዳለ ቀና አለ። «መቼ ሄደች? ዛሬ ጧት ሰርቪስ ስትጠብቅ አይቻታለሁ እኮ!»

«እሷ ፋርሂያ ናት። አካውንታንቷ አዲስ አበባ ናት። ተጫወት።»

«ሙመድ፣ ፀሐዩ መታህ እንዴ?»

ሙመድ ከሰሌዳው ላይ ዓይኑን አላነሳም፤ ግን እየተጫወተም አልነበረም። አየነው ሳቅ እያለ ወደ ሚክዳድ ዞረ።

«አንተ ሚክዳድ፣ አባትህ ሊያሾፍብኝ ነው። ከተወለዳችሁ ጀምሮ የማውቃችሁ ነኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ስንት ልጆች ናችሁ?»

ሚክዳድ አባቱን አየ። ያ ሰፊ፣ ብዙ ጆንያ የተሸከመ ጀርባ ጎብጦ ይጠብቃል። ሁለት ለማለት አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አየነው ይስቃል፣ ሙመድም ምናልባት አብሮት ይስቃል፣ ከዚያ ሁሉም ስለ ፋርሂያ የሱሪ ኪስ ያወራሉ።

«ሦስት» አለ ሚክዳድ።

ሙመድ ቆርኪ ገፋ።

«ሦስት?» አለ አየነው፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ከመቼ ጀምሮ?»

ሚክዳድ የመጽሐፉን ገጽ ገለጠ።

«አልነግርህም።»