የመምህሯ መርፌ

መርማሪው ሆስፒታሉ ሲደርስ መምህሯ በነጭ አንሶላ ተሸፍናለች፤ ባሏም ጫማዋን እንደታቀፈ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጧል። እጇ ላይ ላመረቀዘ ቁስል መርፌ ልትወጋ በእግሯ መጥታ፣ መርፌው ከገባ በኋላ ጉሮሮዋ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች።

ባልደረቦቹ መርማሪውን «እስቲ» ይሉታል፤ ጥያቄውን ሁሉ በዚያች ቃል ስለሚጀምር። የሆስፒታሉ ሰው ግን ጥያቄ አላስፈለገውም፤ ጥፋተኛዋን አስቀድሞ ለይቷል። ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከሟቿ ስም ሥር፣ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ፔኒሲሊን የወጋቻት ነርስ ደግሞ «እኔ ሳይ አልነበረም» ትላለች።

«እስቲ ሲስተር፣ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«የሚከለከልሽ መድኃኒት አለ ወይ አልኳት። ‹እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አለ› አለችኝ። አየሁ። እናቴ ትሙት፣ ምንም የለም ነው የሚለው! ከወጋኋት በኋላ አንገቷን ያዘች። ሐኪም ጠርቼ ወደ ኮምፒውተሩ ስዞር ሲስተም የለም። ሲመለስ ያ ቀይ ጽሑፍ ተደቅኗል።» እጆቿን አየቻቸው። «ማን ያምነኛል?»

ማንም አላመናትም። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ከረባቱን እያስተካከለ፣ «ሰበብ ፍለጋ ነው ጌታዬ» አለ። «ዛሬ ጠዋት አዲሱን ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጭነን፣ ከላይ የመጡ እንግዶች ሲጎበኙት ነው የዋሉት። ሲስተማችን ለአፍታም አልተቋረጠም።»

«እስቲ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት የሚችለው ማነው?»

«እኔና ፕሮግራመሯ ብቻ፤ ያውም ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ገብተን።»

ፕሮግራመሯ መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት። ጥፍሯን እየነከሰች ለሁሉም ጥያቄ «አላውቅም ጋሼ» አለች። አንዱን ብቻ መለሰች።

«አዲስ ፕሮግራም የምትሞክሩት በምን ላይ ነው?»

«ካቻምና በተቀዳ የበሽተኞች መረጃ። የሙከራ ቋት እንለዋለን።»

ባልየው ዘንድ ሲመለስ ሰውየው ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ። «ሲስተር ‹አሁንም ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነሽ?› ስትላት ባለቤቴ ሳቀች። ከተጋባን ወዲህ እኮ ድልድዩ ማዶ ነን። አምና እዚሁ ራሷን ስታ ስትገባ ኮምፒውተሩ ላይ መኖሪያዋን አስቀይረናል። መድኃኒቱ እንደማይስማማትም ያኔ ነው የታወቀው። ስሙን ልንይዝ ስንል ‹አትጨነቁ፣ ኮምፒውተሩ አይረሳም› አሉን።»

«እስቲ፣ ሲስተም ሲጠፋ እዚህ ማን ነበር?»

«አንዲት ባለመነጽር ልጅ እየሮጠች ገብታ፣ ኪቦርዱን እየቀጠቀጠች ታለቅስ ነበር።»

መርማሪው ሁሉንም እዚያው ክፍል፣ ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰባቸው።

«እኛ የምናየው ፊቱን ነው» አለ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተ። «መረጃው ያለው ሌላ ቦታ፣ ቋት ውስጥ ነው። መካከል ሆኖ የሚያመላልሰው ሰርቨሩ ነው፤ እሱም ወደ የትኛው ቋት እንደሚሄድ ሰው ካልነገረው አያውቅም። እስቲ ሲስተር፣ ወፍጮ ቤቱን ማን ነገረሽ?»

«ኮምፒውተሩ።»

«አሁን ግን ድልድዩን ነው የሚያሳየው። አዲሱ መኖሪያዋና ቀዩ ጽሑፍ አምና በአንድ ጊዜ የገቡ ናቸው። አሮጌውን መኖሪያ ያየ ሰው ቀዩን ጽሑፍ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ሲስተር አልዋሸችም፤ ጠዋት ሰርቨሩ ሲያመላልስ የነበረው ከሙከራው ቋት ነው። መምህሯ ስታጣጥር አንድ ሰው አስተካክሎ አስነሣው። ሲስተም የጠፋው ያኔ ነው፤ ሲስተርም ባልየውም አይተውታል። አልጠፋም ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰርቨሩን ማስነሣት ከሚችሉት ከሁለቱ፣ አንዷ እዚህ አልጋው አጠገብ ነበረች።»

ዓይን ሁሉ ኃላፊው ላይ አረፈ። መርማሪው ግን ወደ ልጅቷ ዞረ። «እስቲ ልጄ፣ ለምን ነበር የሮጥሽው?»

ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች። «ስህተቱ የኔ ነው ጋሼ። ስጭነው የቋቱን አድራሻ ሳልቀይር ቀረሁ። ወዲያው ደርሼበት ነገርኩት፤ እንዝጋው ብዬ ለመንኩት። ‹እንግዶቹ ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ሳይሄዱ ብትነኪው ነገ እንዳትመጪ› አለኝ። ዝም አልኩ። ቆይቶ አላስቻለኝም፤ ሲስተሮቹን ላስጠነቅቅ ሮጥኩ። ስደርስ… ስደርስ መርፌው ወጥቷል። ደውዬ ስነግረው ነው ያስተካከለው።»

«ሰው ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ?» አለ ኃላፊው።

«አላሰቡም። ከሞተች በኋላ ግን በደንብ አስበው ነርሷ ላይ አላከኩ።»

ኃላፊውን ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ልጅቷም ማንም ሳይጠራት ተከተለቻቸው። ነርሷ ባልየው እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዛት። ሁለቱም እንደዚያው ቆመው ቀሩ።

በመጨረሻ ባልየው ወደ መርማሪው ዞረ። «እናቷ ነገ ትገባለች። ኮምፒውተር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ‹ልጄን ምን ነካብኝ?› ስትለኝ፣ ምን ብዬ ነው የማስረዳት?»

መርማሪው ለዳኛ የሚለው ነበረው። ለእናት የሚሆን ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ከጎኑ ተቀመጠ።