እስከ አርብ እችላለሁ

«‹ለ›ን የት ወሰዳችሁት?» አለች ሃዋ፣ ዓይኗን ከኪቦርዱ ላይ ሳታነሳ።

ራያ ደነገጠች። እናቷ ስትጽፍ ኪቦርዱን አይታ አታውቅም። ሰበታ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ የጽሕፈት ሱቃቸው ውስጥ፣ ሃዋ ባለጉዳዩን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ እየጠየቀች፣ አንዳንዴም እየገሠጸች ነው ማመልከቻ የምትጽፈው። ጣቶቿ ሥራቸውን ያውቁታል። በልጅነቷ መርካቶ በታይፕራይተር መጻፍ ተማረች፤ ኮምፒውተር ሲመጣም ፊደሉን ልክ እንደ ታይፕራይተሩ የሚደረድር ፕሮግራም አግኝታ በዚያው ቀጠለች። ይኸው ሃያ ዓመት አለፋት። ዛሬ ግን አንገቷን ደፍታ፣ በአንድ ጣቷ ፊደል ትፈልጋለች።

«ኤል ላይ ነው፣ እማ። መጀመሪያ ኤልን ትነኪያለሽ፣ ከዚያ ኢን ትጨምሪበታለሽ።»

«ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ?»

የራያ ወንጀል የተፈጸመው ትናንት፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ወንጀል ማለት ትንሽ ሳይበዛ አይቀርም፤ ግን ዛሬ ጠዋት ሌላ ስም አላገኘችለትም።

ላፕቶፑ አንድ ነው። ቀን የእናት ነው፣ ከትምህርት በኋላ የልጅ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ትምህርት ቤቶች የዘፈን ውድድር አዘጋጅተዋል፤ አንደኛ የወጣው አዲስ አበባ እውነተኛ ስቱዲዮ ገብቶ ይቀረጻል። ዘፈኑ እስከ አርብ መላክ አለበት። ሙዚቃውን የምትሠራው ራያ ናት፣ የምትዘፍነው ጓደኛዋ ሶፊ። ዘፈኑ ሦስት ድምፅ አለው፤ ሦስቱም የሶፊ ናቸው። አንዱን ትቀርጽና እሱን በኢርፎን እየሰማች ሁለተኛውን ትደርብበታለች።

ትደርብበታለች ማለት ቀላል ነው። በዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ በዊንዶውስ፣ የሶፊ ድምፅ ከአፏ ወጥቶ ጆሮዋ እስኪደርስ ይዘገያል። የራሷን ድምፅ ስትጠብቅ ዜማው ያመልጣታል። ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጉት፣ ላፕቶፑን አጥፍተው አበሩት፣ ለመኑት፣ ሰደቡት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለተኛው ድምፅ አልወጣም።

«ዊንዶውሱን አውጥተሽ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም አስገቢበት» አላት የክፍላቸው ልጅ ሰልማን፤ ፉሪ ነው የሚኖረው፣ ኮምፒውተር ነክ ነገር ሁሉ እሱ ጋ ይደርሳል። በወንድሙ ላፕቶፕ ላይ አሳያቸው። የሶፊ ድምፅ ከአፏ እኩል ጆሮዋ ገባ። ሶፊ መሀል ላይ ዘፈኑን አቋርጣ ከደስታዋ ብዛት ሳቀች። ችግሩ፣ ወንድምየው ላፕቶፑን በየቀኑ አዲስ አበባ ሥራ ይዞት ይሄዳል። ራያ፣ ሁለቱንም እኛው ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን አስገባልኝ ብትለው፣ ሰልማን የቀረውን ቦታ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ አንዱን ምረጪ አላት።

መረጠች። ለእናቷ ግን ኮምፒውተሩን ላጸዳው ነው ብቻ ነው ያለቻት። ሃዋም ደብዳቤዎቼ አይጥፉብኝ እንጂ የፈለግሽውን አድርጊ አለች። ደብዳቤዎቹ አልጠፉም፤ ሰልማን አንድ በአንድ መልሷቸዋል። አማርኛ ይጽፋል ወይ ብላም ጠይቃዋለች፤ ይጽፋል ብሏታል፤ ደግሞም ይጽፋል፤ የእናቷ ፕሮግራም ግን በሊኑክስ አይሠራም። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፣ ሁለተኛውን ድምፅ ለመስማት ቸኩላ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አሁን ሃዋ የመጀመሪያውን ባለጉዳይ መንገድ ተሻግሮ ወደ ሌላዋ ጸሐፊ፣ ወደ ያለምወርቅ ሱቅ እንዲሄድ መከረችው። ሁለተኛዋንም ላከቻት። ሦስተኛው ሳይነገረው ራሱ ወጣ። ራያ ንድድ አላት። በራሷ ተናደደች፣ በሰልማን ተናደደች፣ ቀጥሎ ደግሞ፣ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው፣ በእናቷ ተናደደች። የስልክ ፊደል እንኳ በዚሁ አይደል እንዴ የሚጻፈው! ትንሽ ከሞከርሽው እኮ ትለምጂዋለሽ አለቻት፣ ድምጿ ካሰበችው በላይ ጠንክሮ። ሃዋ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ኪቦርዱ ተመለሰች።

የሱቁ የቆዩ ደንበኛ ኦቦ ጂሬኛ የገቡት ያኔ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ሃዋ?» አሉ በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ። ይቀመጡ» አለችና እንደ ሌሎቹ እሳቸውንም ወደ ያለምወርቅ ልትልካቸው ሞከረች።

አልሄድም አሉ። ጉዳያቸው ትንሽ ነው፤ የቤታቸው ውሃ ቆጣሪ በሟች ባለቤታቸው ስም ስለሆነ ወደ እሳቸው እንዲዛወር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ማመልከቻውን የሚቀበለው ሰውዬ ዛሬ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው ያለው።

«ያለምወርቅ ያልኳትን ነው የምትጽፈው» አሉ። «አንቺ ማለት ያቃተኝን ትጽፊልኛለሽ።»

ራያ ከወንበሩ እናቷን አስነስታ ራሷ ተቀመጠች። እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ንገሪኝ አለቻት። ሃዋ ከኋላዋ ቆመች። ለማን እንደሚጻፍ ነገረቻት፣ ጉዳዩ የሚለውን ነገረቻት። ከዚያ «ባለቤቴ» አለችና አቋረጠች። እንደገና «ባለቤቴ» አለች። ራያ ዞር ብላ ስታያት፣ የእናቷ ጣቶች በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ምንም በሌለበት እንጨት ላይ፣ ይጽፉ ነበር።

«እጄ ካልሄደ አፌ አይመጣልኝም» አለች ሃዋ ቀስ ብላ። ባለጉዳይ ፊት እንዲህ አፍራ ራያ አይታት አታውቅም።

በመጨረሻ ሃዋ እስክሪብቶና ወረቀት አንስታ ቆማ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች፤ ራያ ገለበጠችው። ኦቦ ጂሬኛ ወረቀታቸውን ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ ዘበኛው በሩን ሊገጥመው ነበር። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። ሰውዬው ወጥቷል። ማንንም አልወቀሱም፤ ነገም ቀን ነው አሉና ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

ሃዋ ሻርፗን አስተካከለች። «ዘፈናችሁን የምትልኩት አርብ ነው አይደል?» አለች።

ራያ ስለ አርብ ነግራት አታውቅም። ለካ እናቷ ሱቁን ከጓዳው ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ስንት ቀን ስትሰማቸው ከርማለች።

«እስከ አርብ እችላለሁ። ከዚያ ወደ ድሮው ትመልሽልኛለሽ።»

ራያ ከሰዓት ትምህርት ቤት ገብታ አንድም ነገር አልሰማችም። እናቷ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ብትቆጣት መልሳ ትቆጣለች፣ እኩል ይሆናሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሃዋ ገበያ በሄደችበት፣ ራያ፣ ሶፊና ሰልማን ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሶፊ ገና ከመግባቷ ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንቀረጽም» አለች ራያ። «ዊንዶውሱ ይመለሳል። ዛሬ።»

ሶፊ ኢርፎኑን አወረደችው። «አቦ ራያ፣ ሙድ አትያዢብኝ። አራት ቀን እኮ ነው! እናትሽ ራሷ እስከ አርብ እችላለሁ ብላለች አላልሽኝም?»

«ብላለች። አትችልም ግን። ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ። ነገ ጠዋት ባለጉዳይ ይመጣል፤ ማስገባቱ ደግሞ እስከ ማታ ይፈጃል።»

«እና ዘፈኑስ?»

«በአንድ ድምፅ እንልከዋለን። መጀመሪያ የተቀረጽሽው አለ።»

«በአንድ ድምፅ ማንም አይሰማንም።»

ምናልባት እውነቷን ነው። ራያም ሙሉ ከሰዓቱን ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ከሦስት ሳምንት ንዴት በኋላ መዘግየቱ ትናንት ጠፍቶ ዛሬ ተመልሶ ሊመጣ ነው፤ አልቅሺ አልቅሺ ይላታል። ሶፊ ባለጉዳዮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሄዳ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። ግን አልሄደችም።

ሰልማን የተቀረጸውን ድምፅና የሃዋን ደብዳቤዎች ወደ ፍላሽ ገለበጠና ዊንዶውሱ ያለበትን ሌላ ፍላሽ ከቦርሳው አወጣ። ይሄ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲል ጠየቃት።

«የእማ መጻፊያስ ይሠራል?»

«ይሠራል። አማርኛ ችግር የለውም።»

«አማርኛ ይጽፋል ወይ አላልኩህም» አለች ራያ፤ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «እናቴ እንደምትጽፈው ይጽፋል ወይ ነው ያልኩህ። አስገባውና እኔው ልሞክረው፤ እስከዚያ አንተ ወደ ቤትህ አትሄድም።»